ቀጭን ፈታይ

«ቀጭን ፈታይ እመቤት!» የጥንቱ ሰው አንዲትን ወይዘሮ ከአቻዎቿ ሁሉ ለይቶ ሊያሞግስ ሲሻ የሚመዝዘው ቃል ይህ ነበር። ዛሬ አባባሉን የምናገኘው በአረጋውያን ጨዋታና በቆዩ ድርሰቶች ውስጥ ነው። ብዙው ሰው «የተቀማጠለች የባላባት ሚስት» ለማለት የተነገረ አድርጎ ይወስደዋል። ቃሉን እንደተነገረ ብንወስደው ግን የሥራ ስም ነው። ሴትዮዋ ትፈትላለች፤ ፈትሏም ቀጭን ነው። ስለ መልኳ፣ ስለ ዘሯ፣ ስለ ባሏ ማዕረግ አንዳች አይልም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ያዩ ተጓዦች መፍተል የድሀ ሴት ሥራ ብቻ እንዳልነበረ መስክረዋል። ወፍጮውን፣ ውሃ መቅዳቱንና እንጨት ለቀማውን ለአገልጋይ የተዉ ትልልቅ ወይዛዝርት እንዝርቱን ግን ከእጃቸው አይለዩትም ነበር። በአንጻሩ ያንኑ ክር ተቀብሎ ሸማ የሚያደርገው ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ነገሩ እስከ ምን እንደደረሰ ለማወቅ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸውን ማስታወስ ይበቃል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ አንድ ክር በሁለት እጅ ያልፋል። ፊተኛው እጅ ይከበራል፣ ኋለኛው ይናቃል። ለምን? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ የደረስሁበት መልስ ከሙያዬ የመጣ ነው፤ የባንክ ጸሐፊ ነኝና። ሸማኔው ለሥራው ዋጋ ይቀበል ነበር፤ ፈታይዋ አትቀበልም። ለገበያ የሚሠራው እጅ ተናቀ፣ ለቤት የሚሠራው ተመሰገነ። ምስጋናው የደሞዙ ምትክ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። በዚህች ጽሑፍ የማወጋችሁ የዚያን ያልተከፈለበት ክር ታሪክ ነው። (ዘመናቱን «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቡልኝ።)

ታሪክ ጸሐፊው ቢረሳትም ቋንቋው ፈታይዋን አልረሳትም። ስለ አንድ ልብ ወለድ ስንጽፍ «ታሪኩ የሚያጠነጥነው በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ነው» እንላለን፤ ማጠንጠን ክርን መጠምጠም ነው። የማይለያዩ ወዳጆችን «ድርና ማግ» እንላቸዋለን። ነገር የተወሳሰበበት ሰው «ውሉ ጠፋብኝ» ይላል፤ ውል ማለት የተጠመጠመ ክር ጫፍ ነው፤ ጫፉን ያጣ ሰው ልቃቂቱን ሊፈታው አይችልም። እኔም ቀኑን ሙሉ ደንበኛ የማስፈርምበት የብድር ሰነድ ስሙ ውል ነው። ደንበኞቼ ሲፈርሙ ይህን ቃል ከእንዝርት ጋር አያይዞ የሚያስብ ይኖር ይሆን እያልሁ አንዳንዴ ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ።

ያልፈተለ ሰው መፍተል ማለት እንዝርት ማሾር ብቻ ይመስለዋል። እንዝርቱ ግን የሚነሳው ከሥራው እኩሌታ በኋላ ነው። ጥጡ መጀመሪያ ከነፍሬው ይመጣል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከዚያ በጠፍጣፋ ለስላሳ ድንጋይ ላይ በቀጭን የብረት ዘንግ ይዳመጣል፤ ብረቱ ሲንከባለል ፍሬው ከፊቱ እየተፈናጠረ ይወጣል፣ ጥጡ ከኋላ ይቀራል። (መንገድ የሚደለድለው ከባድ ተሽከርካሪ «መዳመጫ» መባሉ ከዚህች የእጅ ብረት የተወሰደ ይመስለኛል። አንዲት ሴት ጉልበቷን አጥፋ የምትሠራበት መሣሪያ ስሟን ለዚያ ግዙፍ ነገር ስታወርስ ማየት ደስ ይላል።) ቀጥሎ ደጋን ይነሳል። የደጋኑ ጅማት ጥጡ መካከል ገብቶ እየተመታ ሲርገበገብ የተጨበጠው ይፍታታል፣ ቆሻሻው ይራገፋል፣ ጥጡም ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ትንሽ በትንሹ እየተወሰደ እንደ ጣት ይድበለበላል፤ ያ አመልማሎ ነው። ገና አሁን መፍተል ይጀመራል።

እንዝርት ራሷ ቀላል ነገር ናት። ቀጭን ዘንግ፣ ወደ ላይኛው ጫፏ ከቀንድ ወይም ከእንጨት የተሠራች ክብ፣ ክሩን የምትይዝ ቆልማማ ጫፍ፤ በቃ። ፈታይዋ ዘንጉን በቀኝ መዳፏ ጭኗ ላይ ታንከባልልና ትለቃታለች። እንዝርቷ ስትሾር ግራ እጇ አመልማሎውን ይዞ ወደ ላይ ይርቃል፤ ክሩ ከጥጡ ውስጥ እየተመዘዘ ይወጣል። ክንዷ የሚደርስበት ሲያልቅ የተፈተለውን ዘንጉ ላይ ትጠመጥምና እንደገና ትጀምራለች። አንድ ክንድ፣ ሌላ አንድ ክንድ። ጣቶቿ ዓይን አያስፈልጋቸውም፤ ጨለማ ውስጥ እያወራች ትፈትላለች። ክሩ ከወፈረ ወይም ከቀጠነ የምታውቀው በጣቷ ነው።

ክሩም አንድ ዓይነት አይደለም። ድር የሚሆነው ቀጥኖና ጠንክሮ ይከረራል፤ መቃው ላይ ተወጥሮ የሸማኔውን ምት ሁሉ የሚሸከም እሱ ነውና። ማግ የሚሆነው ላላ፣ ወፈር ያለ ነው፤ ጋቢን የሚያሞቀውና የሚያለሰልሰው ማጉ ነው። «ቀጭን ፈታይ» የተባለችው እንግዲህ ድሩን የምታወጣዋ ናት። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እናቴ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን ከወሎ ተነስተው አሶሳ ከሰፈሩት አንዷ ናት። እኔ የተወለድሁት እዚያው፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ከአገሯ ስትወጣ ምን ይዛ እንደመጣች ጠይቄያት «አንቺንም ይሄንንም» ብላ ወደ ታላቅ እህቴና ወደ እንዝርቷ ጠቁማለች። ልጅ ሳለሁ ከአንድ ነጋዴ ጥጥ ተቀብላ ትፈትልለት ነበር። ሰውየው ጥጡን መዝኖ ይሰጣታል፣ ክሩን መዝኖ ይቀበላታል፤ በመካከሉ ፍሬና አቧራ መውጣቱን ግን አይቆጥረውም። በጎደለው ልክ ከዋጋዋ ይቀንስባታል። አንድ ጊዜ «እርጥብ ነው» ብሎ ከግማሽ በላይ ሲቀንስባት አይቻለሁ። ሒሳብ የተማርሁት በትምህርት ቤት ቢሆንም ሒሳብ ለምን እንደሚያስፈልግ የተረዳሁት በዚያ ሚዛን ፊት ቆሜ ነው።

ይህ ሥራ በዚህ ምድር ምን ያህል ዘመን አስቆጠረ? በአራተኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ አስቀርጿል። በዚያ ጽሑፍ ከተሞችን ማቃጠሉን፣ እህልና ብረት መማረኩን ከተናገረ በኋላ የእህልና የ«ጡጥ» ግምጃ ቤቶችን አጥፍቶ ሴዳ ከተባለው ወንዝ መጣሉን ይገልጻል። ጡጥ የግእዙ ጥጥ ነው፤ ሴዳ ደግሞ ተመራማሪዎች ናይል ነው የሚሉት ወንዝ ነው። እስቲ አስቡት፤ ጥጥ በጥንታዊ ጽሑፋችን ብቅ ያለው ወንዝ ሲወስደው ነው! የፈተለችው ሴት አልተጠቀሰችም፤ ግምጃ ቤት የሞላ ጥጥ ሊኖር የቻለው ግን የሚፈትል እጅ ስለነበረ ነው። የመሬት ቁፋሮም ይህንኑ ያረጋግጣል። በሱዳንና በኑብያ በሜሮዌ ዘመን መንደሮችና መቃብሮች የጥጥ ጨርቅና የእንዝርት ክቦች ተገኝተዋል። ቀስር ኢብሪም ከተባለው ጥንታዊ ስፍራ በተገኘ የጥጥ ፍሬ ላይ የተደረገና በ2012 የታተመ የዘረ መል ጥናት ዝርያው አፍሪካዊ መሆኑን አሳይቷል። ጥጥ ከህንድ ብቻ የመጣ እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

የህንድ ጨርቅም ቢሆን ቀድሞ ደርሶናል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መምሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የህንድ ብረትንና የህንድ የጥጥ ጨርቅን ይቆጥራል። የህንድ መንደር ፈታይና የእኛ ፈታይ ሳይተያዩ በአንድ ገበያ ላይ የተገናኙት ከ1900 ዓመት በፊት ነው።

አሁን ወደ ገንዘብ ልምጣ፤ እዚህ ላይ እንደ ባንክ ሠራተኛ ልቤ ይሞቃል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 መጨረሻ ወር ዓድዋ ሲደርስ ያየውን ጽፏል። በከተማይቱ ሻካራ የጥጥ ሸማ ይሠራል፤ ሸማውም በመላው ሐበሻ በብር ገንዘብ ፈንታ ይዘዋወራል። አንዱ ጣቃ አንድ ፓታካ፣ ማለትም አንድ የብር ጠገራ ያወጣል፤ አሥሩ ጣቃ አንድ ወቄት ወርቅ ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁ። ሸማው ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ ነበር! ዛሬ ገንዘብ የሚያትመው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ በዚያ ዘመን ግን የገንዘቡ ክር ሌሊት በምድጃ ዳር በአንዲት ሴት ጭን ላይ ይከረር ነበር። ታዲያ ገንዘብ የሚፈትል እጅ እንዴት ገንዘብ ሳያገኝ ቀረ?

በእኛ በምዕራቡ ቆላም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ1814 ሸንዲ የደረሰው የስዊስ ተወላጅ ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት በሰናር አካባቢ የሚሠራው ዳሙር የተባለ የእጅ ፈትል ጨርቅ ከማሽላ ጋር በገበያው መገበያያ ሆኖ እንደሚያገለግል ጽፏል። የሰናር ገበያ እጅ እስከ ቤላ ሻንጉል ይደርስ ነበር። መንጌ፣ አሁን የምሠራባት ይህች ከአሶሳ ወደ ሰሜን ያለች የበርታ አገር፣ በሁለቱ የሸማ ገንዘቦች መካከል፣ በደጋው ሸማና በሱዳኑ ዳሙር ድንበር ላይ ነበረች።

ይሁን እንጂ የዚህን አገር ታሪክ ስታነቡ የምታገኙት ወርቅን ነው። የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል በ1821 ሰናርን ይዞ ወደ ፋዞግሊና ወደ በርታ ምድር የዘለቀው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነው። አባቱም ራሱ በስተርጅና የወርቁን ነገር ሊያጣራ እስከ ፋዞግሊ መጥቷል። በ1897 እና 1898 የራስ መኮንን ጦር ቤላ ሻንጉልን ካስገበረ በኋላ የአሶሳው ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰንና ሌሎቹ ሼኾች ለአዲስ አበባ የሚልኩት ግብር ወርቅ ነበር። ስለ አካባቢው ከተጻፉት ሁሉ የታወቀው የአለሳንድሮ ትሪዩልዚ መጽሐፍ፣ በ1981 የወጣው፣ ርእሱ የሚጀምረው በጨውና በወርቅ ነው። ሰውም ራሱ ይሸጥ እንደነበር መሸሸግ አይገባም፤ የዚህ አገር ሴቶችና ልጆች ወደ ደጋውም ወደ ሱዳንም ተነድተዋል፤ የባሪያ ንግድና ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ደጋ ላይ ወፍጮውንና ውሃውን የተሸከመች አገልጋይ ባትኖር ኖሮ ወይዘሮዋ ለቀጭን ፈትል ጊዜና የለሰለሰ ጣት ከየት ታገኝ ነበር? «ቀጭን ፈታይ» የሚለው ሙገሳ ከበስተጀርባው ሌላ ስም የሌላት ሴት አለችበት።

ብሩስ ዓድዋ በነበረበት በዚያው በ1769 እንግሊዝ አገር ሪቻርድ አርክራይት ለውሃ ኃይል መፍተያ ማሽኑ የባለቤትነት መብት አገኘ። ከእሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ጄምስ ሃርግሪቭስ ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ የሚያሾር መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ምክንያቱ በእኛም አገር የነበረው ነው፤ አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ከአራት እስከ ስምንት ፈታይ ያስፈልገው ነበር። ልብ በሉ፣ ከሸማው ድካም የሚበልጠው በፈታይዋ በኩል ነው። እንግሊዞቹ ይህን ያወቁት ፈታይ ስለተወደደባቸው ነው፤ እኛ ዘንድ ፈታይ ስላልተወደደች ማንም ማሽን አላሰበም።

ማሽኑ የሠራው ክር እኛ ጋ ለመድረስ መቶ ዓመት ገደማ ወሰደበት። ከአሜሪካ የሚመጣው ያልነጣ ጨርቅ አቡጀዴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በየገበያው ተዘርግቷል። በ1903 በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስላ የነበረው ሮበርት ስኪነር በበቅሎና በግመል አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው በአብዛኛው ለዚሁ ጨርቅ ገበያ ብሎ ነው። (ውል! አሁንም ያችው ቃል።) በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ አሜሪካውን አባረረው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈውልናል። መጽሐፉን የምንወደው ስለ ሥልጣኔና ስለ ነጻነት ስለሚያነሳ ነው፤ በዚያው ጊዜ ግን የጃፓን ጣቃ በየገበያችን የእናቶቻችንን እንዝርት እያሳረፈ ነበር።

ከዚያ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች መጡ። የድሬዳዋው በጣሊያን ወረራ ዘመን፤ የአቃቂው በ1960 ገደማ በህንዶቹ የቢርላ ቤተሰብ፤ የባሕር ዳሩ በ1961 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ። ፋብሪካዎቹ ጨርቅ ብቻ አልሠሩም፤ ክርም ሸጡ። ለሸማኔው የፋብሪካ ድር በረከት ነው፤ አይበጠስበትም፣ እኩል ነው፣ ሥራው ይፋጠንለታል። ስለዚህ ድሩን ከፋብሪካ መግዛት ጀመረ። ማጉን ግን ማሽን እንደ እጅ አላለሰለሰውም። ጋቢና ኩታ ለሚለብስ ሰው ያ ሙቀትና ልስላሴ ካልተገኘ ሸማው ሸማ አይሆንም። በመሆኑም ሽሮ ሜዳ ከሚሸጡት የአገር ልብሶች መካከል ጥሩ የሚባሉት ብዙዎቹ ዛሬም ድራቸው የማሽን፣ ማጋቸው የሴት እጅ ነው።

ቅድም «ያዙልኝ» ያልኋችሁ ነገር ይህ ነው። ማሽኑ ከፈታይዋ የወሰደው ቀጭኑን፣ የተሞገሰችበትን ነው። የተወላት ወፍራሙን ነው። ወይዘሮዋ እንዝርቷን አስቀመጠች፤ ሙገሳውም አብሯት ወደ ተረት ገባ። ማጉን የምትፈትለዋ ድሀ ሴት ግን ሙገሳው ሳይደርሳት፣ ዋጋውም ሳይደርሳት ሥራው ብቻ ቀረላት። ክፍያ ካለም ነጋዴው በሚዛኑ የሚወስነው ነው።

ህንድ ውስጥ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ያነሳ ሰው ነበር። ማሕተመ ጋንዲ ስለ እጅ መፍተል የጻፈው መፍተያውን በዓይኑ ከማየቱ በፊት ነው፤ ይህን በግለ ታሪኩ አልደበቀም። ኋላ ጋንጋቤን የተባለች ባልቴት በጉጃራት መንደሮች ፈልጋ ፈልጋ ቪጃፑር ላይ ከየቤቱ ጓዳ የተጣሉ መፍተያዎች አገኘችለት። የእነሱ መፍተያ ቻርካ ነው፤ መንኮራኩር አለው፣ ከእኛዋ እንዝርት ይፈጥናል። ጋንዲ የመራው የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ በ1924 መጨረሻ አንድ እንግዳ ደንብ አወጣ፦ አባል የሚሆን ሰው መዋጮውን በወር 2000 ያርድ ክር ይክፈል። ወደ 1830 ሜትር ማለት ነው። ጠበቃውም፣ ባለ መሬቱም፣ ተማሪውም በጣቱ ፈትሎ ወይም አስፈትሎ ያምጣ ተባለ። ደንቡ ብዙ ሳይቆይ ላላ፤ ፖለቲከኞቹ ሰለቻቸው። ለእኔ የሚደንቀኝ ግን ሐሳቡ ነው። ክር እንደገና ገንዘብ ሆነ፤ ለዚያውም ወንዶቹ ስንት ድካም እንዳለው በገዛ ጣታቸው እንዲያውቁት ተደርጎ። የአቃቂውን ፋብሪካ ያቆመው የቢርላ ቤተሰብ የጋንዲ ዋና የገንዘብ ደጋፊ ነበር፤ ጋንዲ የተገደለውም በ1948 በቢርላ ግቢ ነው። ያ ቤት በአንድ እጁ ለእንዝርት ይለግሳል፣ በሌላ እጁ ፋብሪካ ይተክላል። አልፈርድበትም፤ እኔም ጋቢዬን ለብሼ ወንበሬ ላይ የማንጠለጥለው የፋብሪካ ኮት ነው።

ስለ ሐር ጥቂት ልበል። በአገራችን ሐር ለረጅም ዘመን ከባሕር ማዶ የሚመጣ የመኳንንት ነገር ነበር። ከውጭ የገባ ቀለም ያለው ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለጥለት ይውል እንደነበርም ተጽፏል። ሆኖም በሐሳባችን ውስጥ ሐር ፈታይ አለች። የብሥራትን ሥዕል አስታውሱ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ቅዱስ ገብርኤል ሲመጣ እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል ነበር፤ ሠዓሊዎቻችንም እንዝርት አስይዘዋት ይስላሉ። ለገዥዎች ምስል ሰይፍና ዘውድ የማይነፍገው የሠዓሊ ብሩሽ ለእሷ የመረጠላት የሥራ መሣሪያ ነው። በቅርብ ዘመን ደግሞ የጉሎ ቅጠል የሚበላው ኤሪ የተባለው የሐር ትል ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። ስሙ ራሱ በህንዷ አሳም ቋንቋ ጉሎ ማለት ነው። የኤሪ ሐር ከሌላው የሚለየው በመፈተሉ ነው፤ ጎጆው በአንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ እንደ ሌላው ሐር አንድ ወጥ ክር ሆኖ አይመዘዝም፤ እንደ ጥጥ ተባዝቶ በእንዝርት ይፈተላል። በአዲስ አበባ በ2004 የተቋቋመው ሳባሃር ይህንኑ ሐር በእጅ እያስፈተለ ሸማ ያሠራል። የአሳም መንደር ሴቶች ሙያ ከእኛዋ እንዝርት ጋር ተገናኘ ማለት ነው።

መንጌ ላይ ግን ሐርም ዳሙርም የለም። በገበያ ቀን የምታዩት ቶብ ነው፤ ቀለሙ ዓይን የሚማርክ፣ በማሽን የተሠራ፣ ከሱዳን ወይም ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ። የሚመዘነው ነገር ወርቅ ነው። ወንዶችና ሴቶች በክረምት ከየወንዙ ያጠቡትን ወርቅ በጨርቅ ቋጥረው ያመጣሉ፤ በግራም ተመዝኖ፣ በመዝገብ ተጽፎ ይከፈላል። ዋጋውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ሚዛኑ ሲረጋ ሳይ የማስበው ሌላ ሚዛን ነው፤ ያም ምስጢሬ ነው፤ አሁን ነገርኋችሁ።

ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ተሻግሯል። ከተሻገሩት አንዷ የሆነች አሮጊት ዘመድ ፍለጋ መንጌ መጥታ አንድ ዝናባማ ጠዋት ቅርንጫፋችን በር ላይ ተጠልላ አገኘኋት። ጋቢዬን ለብሼ ነበር። ሳታስፈቅደኝ ጠርዙን ይዛ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። በርታ የሆነው ባልደረባዬ በመካከላችን ቆሞ ያስተረጉም ጀመር።

«ይህ የሰው እጅ ነው» አለች።

«አዎን እማማ፣ ማጉ የእጅ ነው» አልኋት። ዳሙርን ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። እናቷ ትፈትል እንደነበር፣ እሷ ግን በልጅነቷ ለአንድ ክረምት ያህል ብቻ ሞክራ እንደተወችው ነገረችኝ። ለምን ተውሽው ስላት የቶቧን ጫፍ አንስታ አሳየችኝና ሳቀች።

ከዚያ ወደ ጋቢው ተመለሰችና፦ «ማን ፈተለልህ፣ ልጄ?» አለች።

«እናቴ።»

«እንግዲያ አልከፈልካትም» አለች። ባልደረባዬ እየሳቀ ተረጎመልኝና ደንበኛ መጥቶ ስለነበር ወደ መስኮቱ ሄደ።